አሥራ አንደኛው ሬዲዮ

ዙሪክና አካባቢው ያለ አበሻ ስለ እኔ ሥራ ሲጠየቅ «ቀበሌ ነው የሚሠራው» ብሎ ይገላገላል። ስህተት የለበትም። ከምኖርባት ከረገንስዶርፍ በአውቶቡስ ጥቂት ፌርማታ ርቃ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የጸጥታ ክፍሉ ሒሳብ ያዥ ነኝ። የከተማዋን ፖሊስ ጣቢያና የእኔን ጠረጴዛ የሚለያቸው አንድ የመስታወት በር ነው። የፖሊሶቹ ጫማ፣ የመኪናቸው ጎማ፣ የሚጠጡት ቡና ሳይቀር በእጄ ያልፋል። ክርስትና ላይ አዲስ የተዋወቀኝ ሰው «ታዲያ ፖሊስ ነዎት?» ሲለኝ «አይደለሁም፣ ለፖሊስ የሚመጣውን ሒሳብ ከፋይ ነኝ» እለዋለሁ። ያኔ ሰውየው ፊቱን ወደ ሌላ እንግዳ ያዞራል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ፖሊስ እርስ በርሱ ለመነጋገርም እንደሚከፍል ነው። የሬዲዮ መገናኛው የመንግሥት ነው። በየተራራው ጫፍ የተተከለው አንቴና የፌዴራሉና የካንቶኑ፣ እንደ ክልል በለው፣ ነው፤ ፖሊሱ፣ እሳት አጥፊው፣ አምቡላንሱ፣ ድንበር ጠባቂው ሁሉ የሚነጋገረው በዚያው በአንድ መረብ ነው። የኛን የምታህል ከተማ የራሷን አንቴና ልትክል አቅም የላትም። ስለዚህ በመረቡ ላይ ላስመዘገበችው ለእያንዳንዱ ሬዲዮ በየዓመቱ ለካንቶኑ ትከፍላለች። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ቢለፈልፍም፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አቧራ ቢጠጣም ክፍያው ያው ነው። ይሄ ነገር ለዓመታት ሲከነክነኝ ኖሯል። እኔ ከባዶ ክፍል መብራት ሳላጠፋ የማልወጣ ሰው ነኝ።

ለእህቴ በስልክ ሳስረዳት ግን ገና ሳልጨርስ ገባት። «እድር ነው በለኛ» አለችኝ።

እህቴ በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን የሞተችው እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ስለሆነ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እስከ ዛሬም እታለም እንጂ በስሟ ጠርቻት አላውቅም። አዲስ አበባ ትሠራበት የነበረው የዲፕሎማት ቤት ወደ ጄኔቭ ሲዛወር አብራ መጣች። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት በሰው ማድቤት ቆመች። የኮሜርስ ትምህርቴን የከፈለችው፣ በኋላም ወደ ስዊስ ያመጣችኝ እሷ ናት። እኔ ጀርመንኛ በሚነገርበት በዙሪክ በኩል ሥራ አግኝቼ ስቀር እሷ ጡረታዋን ይዛ እዚያው ጄኔቭ «ለ ሊኞን» በሚባለው ትልቅ ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየች። ከመስኮቷ ሮን ወንዝ ይታያል።

እድር ያለችው የምሯን ነው። ከእሷ አቅራቢያ ሻትሌን በሚባል ሰፈር የሚኖሩ እንደሷ በዲፕሎማት ቤት ያረጁ ሴቶች እድር አላቸው፤ እሷም ከተመሠረተበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር አላጓደለችም። አንድም ቀን ደግሞ ደርሷት አያውቅም። አንድ ፋሲካ ለጥየቃ ሄጄ እስክሪብቶ አውጥቼ እስካሁን የከፈለችውን አሰላሁላትና፣ ብታቆሚው ይሻላል፣ ገንዘቡን ባንክ ብታስቀምጪው ይሄን ያህል ይሆንልሽ ነበር አልኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችኝ። አልደረሰኝም ብዬ ላልቅስ ወይ፣ ተመስገን ነው እንጂ የሚባለው፣ አለችኝ። ቀጥላም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብላ ወረቀቴን ከጠረጴዛዋ ላይ አነሳችና የሽንኩርቱን ልጣጭ ሰበሰበችበት።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በማዘጋጃ ቤቱ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ወጪ እንዲቀንስ ታዘዘ። እኔ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲመጣ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ነው የምደሰተው። ከካንቶኑ የመጣውን ሒሳብ አወጣሁ። አሥራ አንድ ሬዲዮ ተመዝግቧል። የአገልግሎቱን ዝርዝር አስመጥቼ ባየው አሥሩ ይናገራሉ፤ አሥራ አንደኛው ግን ዓመቱን ሙሉ አንዲት ቃል አልተናገረም።

ያን ሬዲዮ የያዘችው የመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪዋ ነበረች። ወደ ስልሳ የተጠጋች፣ ግማሽ ቀን የምትሠራ፣ ከተማዋን በእግሯ የምትዞር ሴት ናት። ያለ ቦታው የቆመ መኪና ላይ ወረቀት ትሰካለች፣ ለመንገደኛ አቅጣጫ ታሳያለች፣ ሌላም ሌላም። ሬዲዮው ከቀበቶዋ አይለይም ነበር። ሁለት መስመር ጻፍኩ፦ መሣሪያው ጥቅም ላይ አልዋለም፣ ከመረቡ ይሰረዝ። የጣቢያው አዛዥ ወረቀቱን አንብቦ ቀና አለና አንድ ነገር ጠየቀኝ። አትናገርበትም፣ ግን ትሰማበት እንደሆነስ? አለኝ። መስማት በዝርዝሩ ላይ አይወጣም ብዬ መለስኩ። ውሸት አይደለም፣ አይወጣም። ትከሻውን ነቅንቆ ፈረመ።

ሬዲዮውን ያመጣችልኝ በጨርቅ ወልውላ ነው። ብቻዬን ስዞር ድምፃቸውን እሰማ ነበር፣ ከሰው ጋር ያለሁ ይመስለኝ ነበር፣ አለችኝ። አልተማረረችም፤ እንደ ጨዋታ ነው የተናገረችው። እኔም መረከቢያውን አስፈርሜ ቅጂውን ሰጠኋት። በዚያ ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልክድም።

በጥቅምት መጀመሪያ የእታለም ጓደኛ ከሻትሌን ደወለችልኝ። አነጋገሯን አለሳልሳ፣ አትደንግጥ ብላ ጀመረች፤ እንዲህ ሲባል ነው የምደነግጠው። ለ ሊኞን የሚባለው ሕንፃ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት አለው፤ መግቢያው ብዙ ነው፣ ሁሉም መንትያ ይመስላል። እታለም የራሷ ባልሆነ መግቢያ ገብታ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ወጥታ፣ የሰው በር ላይ ቆማ ቁልፌን ቀየራችሁብኝ ብላ ስትሟገት ተገኘች። የሰፈሩ ፖሊስ ነው ይዞ ወደ ቤቷ የመለሳት። እኔ ጤነኛውም ያ ሕንፃ ውስጥ ጠፍቼ አውቃለሁ ብዬ ለጓደኛዋ ቀለድኩ። እሷ አልሳቀችም። እንዲህ ስትጠፋ ሦስተኛዋ ነው አለችኝ።

በማግስቱ ባቡር ይዤ ጄኔቭ ወረድኩ። የሰፈሩ ፖሊስ፣ ወጣት ሰው ነው፣ እንዴት እንዳደረች ሊጠይቅ መጥቶ በሯ ላይ አገኘሁት። ትከሻው ላይ የተሰካው ሬዲዮ እያንሾካሾከ ነበር። እግዜር ይስጥህ ከማለቴ በፊት የእነሱ ማዘጋጃ ቤት ለዚያ ሬዲዮ በዓመት ስንት እንደሚከፍል በሆዴ እያሰላሁ እንደነበር ትዝ ሲለኝ ዛሬ ያሳፍረኛል። እታለም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ያስጨነቃት የመጥፋቷ ነገር አልነበረም፤ እንደ ሌባ በፖሊስ ታጅባ ስትገባ ጎረቤት ማየቱ ነው። ሻንጣዋን አዘጋጀሁና ለጥቂት ሳምንት እኔ ዘንድ ትቆያለሽ አልኳት። ዙሪክ ድረስ እጄን ይዛ፣ ባቡሩ በቆመ ቁጥር ደረስን ወይ እያለች መጣች።

ረገንስዶርፍ ያለው ቤቴ ሁለት ክፍል ነው። እታለም ግን እንግዳ መሆን አትችልም። ሠላሳ ዓመት ሰው ከመንቃቱ በፊት ስትነሳ የኖረች ሴት ናት፤ ከእኔ ቀድማ ተነስታ ሸሚዜን ተኩሳ ትጠብቀኛለች። ተይ ብል አትሰማም። ከሁሉ በላይ ያልተዋጠላት የእኔ ምሳ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ደረቅ ዳቦ በአይብ እንደምበላ ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። አገር ምድሩ የሚበላው ነው ብላት፣ አገር ምድሩን እኔ አላሳደግኩትም አለችኝ።

አንድ ማክሰኞ በስድስት ሰዓት ቤት ብደውል አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ሦስተኛው ላይ ከወንበሬ ተነስቼ አውቶቡስ ያዝኩ። ቤት ስገባ ድስቱ ገና ለብ ያለ ነው፣ ምድጃው ጠፍቷል፣ በሩ በአግባቡ ተቆልፏል። ስልኳ ሶኬት ላይ ተሰክቷል። የምሳ ዕቃዬ ከቦታው የለም። ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ቢሮዬን አሳይቻት ነበር፤ በዚያው አውቶቡስ ምሳ ልታመጣልኝ ወጥታለች። እኔ ወደ ቤት ስመጣ እሷ በሌላኛው አቅጣጫ እየሄደች ሳንተላለፍ አልቀረንም።

ሰፈሩን ዞሬ፣ ወደ ቢሮዬ ተመልሼ፣ በየፌርማታው ብፈልግ የለችም። ስምንት ሰዓት ሲሆን የመስታወቱን በር ከፍቼ ገባሁ። ባልደረባዬ ነው፣ በየቀኑ ደህና አደርክ የምንባባለው ፖሊስ፤ ቅጹን አውጥቶ ይጠይቀኝ ጀመር። ዕድሜ ነገርኩት። ቁመት ነገርኩት። ቀኝ እግሯን ትንሽ እንደምታነክስ፣ ፈረንሳይኛ እንጂ ጀርመንኛ እንደማትችል ነገርኩት። ዛሬ ጠዋት ምን ለብሳ ነበር? አለኝ።

አላውቅም። ጠዋት ሸሚዜን ያቀበለችኝ እሷ ናት፤ አንገትጌዬን አስተካክላ፣ እግዜር ካንተ ጋር ይሁን ብላ የሸኘችኝ እሷ ናት። እኔ ግን ስልኬን እያየሁ ነበር የወጣሁት። ሰማያዊ ሹራብ ይመስለኛል አልኩት። ባልደረባዬ «ሰማያዊ፣ እርግጠኛ ያልሆነ» ብሎ ጻፈ።

ቁልፉን ተጭኖ ተናገረ። ድምፁ በክፍሉ ውስጥ ካሉት ሬዲዮዎች ሁሉ ተመልሶ መጣ። እህቴ በጀርመንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ስትሆን ሰማሁ፦ አሮጊት፣ ጥቁር፣ አጭር፣ የምታነክስ። ወዲያው የካንቶኑ መኪና ከአውራ ጎዳናው መለሰ፤ እሳት አጥፊው መለሰ፤ ከጎረቤት ከተማም አንዲት ሴት ተረድቻለሁ አለች። ለዓመታት ሒሳቡን ስከፍልለት የኖርኩት ነገር ምን እንደሚመስል ጆሮዬ የሰማው ያን ቀን ነው። ይሄን ሁሉ ሰው ማን ሰጠኝ አልኩ።

የኛም ሰው አልቀረም። ለአንዱ ነግሬው ነበርና በሩብ ሰዓት ውስጥ ከበርን እስከ ሎዛን ተሰማ። ሁሉም ደወለ። ደዋዩ ሁሉ «ተገኘች ወይ?» ይላል፣ አልተገኘችም ስለው «አይዞህ» ይላል፣ ከዚያ እሱ ራሱ አንድ ጊዜ ዘመዱ ጠፍቶ እንዴት እንደተገኘ ያወራኛል። ትመለስ እንደሆነ ብዬ ወደ ቤቴ ብመጣ ደጃፌ ላይ ዘጠኝ ሰው ተሰብስቦ ቆሟል፤ አንዷ ዳቦ ይዛ፣ አንዱ ወንበር ይዞ፣ ለቅሶ ቤት አስመሰሉት። ዝናብ ማካፋት ጀመረ። ሁለት ጊዜ ቁጥሩ የማይታይ ጥሪ መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከጄኔቭ በስልክ ልጸልይልህ ያለኝን ሰው እያነጋገርኩ ነበርና አመለጠኝ። ለካ ፖሊስ ነው። እታለም ከተገኘች ሃያ ደቂቃ አልፎ ነበር፤ የሚወዱኝ ሰዎች መስመሬን ይዘውት ነው ያልሰማሁት።

ያገኛት የካንቶኑ ፖሊስ ነው፣ ሊመሽ ሲል፣ ከከተማዋ ጀርባ ሰዎች አትክልት የሚተክሉበት ቦታ። ከአጥር ሥር ተቀምጣ ነበር። ጫማዋ በጭቃ ተውጦ፣ እግሯ ተልጦ፣ እስከ አጥንቷ በስብሳ ነበር። ሹራቧ አረንጓዴ ነው። ሐኪም ቤት ሄጄ ሳያት ትንቀጠቀጣለች፤ ግን «ምሳህ ቀዘቀዘብህ» ብላ ነው የተቀበለችኝ። የምሳ ዕቃው ባዶ ነበር። የት ጣልሽው ብላት የምን መጣል ነው፣ ለሰው ሰጠሁት እንጂ አለችኝ። ማን እንደሆነ ግን አልያዘችውም። ሳንባዋን ብርድ መትቷት ለሦስት ቀን እዚያው አስተኟት።

በማግስቱ ጠዋት ተቆጣጣሪዋ ጠረጴዛዬ ፊት መጥታ ቆመች። ኮፍያዋን አውልቃ በሁለት እጇ ይዛዋለች። እህትህን አይቻት ነበር አለችኝ። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ በዙሯ ላይ ስትሄድ እዚሁ ከተማ አንድ ፌርማታ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ አንዲት እናት ተቀምጠው አየች። ሰላም አለቻቸው። እሳቸውም ቦርሳቸውን አንስተው ቦታ ለቀቁላት፤ ድካሟን አይተው ይሆናል። ተቀመጠች። እሳቸው የምሳ ዕቃቸውን ከፍተው፣ ጠቅልለው፣ በእጃቸው አጎረሷት። ይሄን ስትናገር እጇን ወደ አፏ አድርጋ አሳየችኝ። አንዴ ብቻ መስሏት ነበር፤ ግን ሦስቴ አጎረሷት፣ እምቢ ማለት አልቻለችም። ቋንቋ ባይግባቡም ደስ ብሏቸው ሩብ ሰዓት ተቀመጡ። ከዚያ ተሰናብታቸው ወደ ሥራዋ ሄደች። ስትሄድ እጃቸውን እያውለበለቡላት ነበር።

ያኔ እህቴ ስትፈለግ አንድ ሰዓት ሆኗት ነበር። የካንቶኑ መኪና ያውቃል፣ ጎረቤት ከተማ ያውቃል፣ እሳት አጥፊው ያውቃል። አጠገቧ ተቀምጣ ከእጇ የምትጎርሰው ሴት ብቻ አታውቅም።

ተቆጣጣሪዋ ይቅርታ ትለኝ ጀመር። አላወቅኩም፣ ባውቅ ኖሮ አልለያቸውም ነበር አለች። ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም። ሬዲዮሽን የነጠቅኩሽ እኔ ነኝ አልኳት። የማዘጋጃ ቤቱ ውሳኔ አይደለም፣ የአዛዡ አይደለም፣ ሁለት መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔ ነኝ ልላት ፈልጌ በጀርመንኛ ጠፋኝ። አውቃለሁ አለችኝ፣ መረከቢያው ላይ ፊርማህ አለ። ኮፍያዋን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ወንበር ስባ ተቀመጠችና አብራኝ ቆየች። አለቀስኩ። ቢሮ ውስጥ አልቅሼ አላውቅም ነበር።

በዚያው ቀን ለአዛዡ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ይሄኛው ሦስት ገጽ ነው። ሬዲዮው ይመለስ አልኩ። ቅር አላለውም፣ ግን የዓመቱ ምዝገባ ተዘግቷል፣ ከጥር በፊት ካንቶኑ አይቀበልም፣ አለኝ። ከኪሴ ልክፈል አልኩት። ሳቀ፤ የክፉ ሳቅ አይደለም። ፖሊስ በግለሰብ ኪስ አይናገርም፣ ሕግ አይፈቅድም አለኝ። ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ የሚፈለግ ሰው ሲኖር ባንኮኒው ላይ ያለው ፖሊስ ቃሉን ለእኔ እንዲሰጠኝ፣ እኔም በስልክ ደውዬ ለተቆጣጣሪዋ እንዳስተላልፍ ፈቀደልኝ።

እንዲህ ሆኜ ከጥቅምት እስከ ጥር ሬዲዮ ሆንኩ። ከአረጋውያን መጦሪያ በነጠላ ጫማ የወጡ አባት ጠፉ፣ ደወልኩላት። ውሻ ጠፋ፣ ደወልኩላት። የተሰረቀ ብስክሌት ሳይቀር ቀለሙን ነገርኳት። እሷም አንስታ «አሥራ አንድ፣ ይሰማኛል» ትለኛለች። ባልደረቦቼ አሥራ አንድ ብለው ይጠሩኝ ጀመር። አልከፋኝም።

እታለምን ወደ ለ ሊኞን አልመለስኳትም። ከዙሪክ አበሾች አንዲት ደግ ሴት ጠዋት ጠዋት እየመጣች አብራት ትውል ጀመር፤ እኔም ሁለት ቀን ከቤት እንድሠራ ፈቀዱልኝ። ሰዎቻችንን ሰብስቤ ከእንግዲህ አንድ ሰው ብቻ ይደውል፣ ሌላው እሱን ይጠይቅ አልኳቸው፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ተስማሙ። ጠዋት ጠዋት ስወጣ ደግሞ በር ላይ ቆሜ አያታለሁ። አረንጓዴ ሹራብ፣ ግራጫ ቀሚስ፣ ቡናማ ጫማ፣ ነጭ ሻሽ፣ ከሹራቡ ቁልፎች ሁለተኛው ክሩ የተለየ። ምነው እንዲህ የምታየኝ፣ ልትሸጠኝ ነው እንዴ ትለኛለች። አንዳንድ ቀን ስሜን ትረሳውና «አንተ ልጅ» ብላ ትሸፋፍነዋለች፤ እኔም እንዳልገባኝ እሆናለሁ።

ገና ሊገባ ሲል፣ አንድ ሐሙስ፣ የሕንፃው ልብስ ማጠቢያ ተራችን ነበር። እዚህ አገር ተራ ካለፈ ለሁለት ሳምንት የቆሸሸ ልብስ ይዞ መቀመጥ ነው። ሴትየዋ ልብሱን ልታወጣ ምድር ቤት ወርዳ ስትመለስ እታለም የለችም። ደወለችልኝ፤ ካፖርቷም ከመስቀያው የለም አለችኝ። የመስታወቱን በር ከፍቼ ገባሁ። ባልደረባዬ ቅጹን ሳያወጣ ቆሜ ተናገርኩ፦ ጥቁር ካፖርት፣ ከሥሩ አረንጓዴ ሹራብ፣ ነጭ ሻሽ፣ ቡናማ ጫማ በቀይ ካልሲ። አንዱንም ይመስለኛል አላልኩም። ቁልፉን ተጭኖ ለሁሉ ተናገረ። እኔም ወዲያው ለተቆጣጣሪዋ ደወልኩ።

«አሥራ አንድ፣ ይሰማኛል» አለችኝ። ጥቁር ካፖርት ብዬ ጀመርኩ። ሻሹ ጋ ሳልደርስ አቋረጠችኝ።

«እዚህ ናቸው» አለችኝ። «አብረን ተቀምጠናል። እጄን ይዘውኛል።»

ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ ዙሯን ቀይራ በየቀኑ በዚያ አግዳሚ በኩል ታልፍ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን እባክሽ አገናኚኝ ብቻ አልኳት። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማኝ። ነፋስ ይሰማል። ከዚያ የእታለም ድምፅ መጣ፣ ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ስልክ ስታነሳ የኖረችበት፣ የተጠነቀቀ ድምፅ።

«ሃሎ። ማን ልበል?»

እኔ ነኝ አልኳት። ድምፄን ፈልጋ አላገኘችውም። እንደገና እኔ ነኝ ልላት ስል ቀደመችኝ።

«ጌታዬ፣ ይሰሙኛል?» አለችኝ። በሕይወቷ እኔን አንቱ ብላኝ አታውቅም። «እዚሁ አገር ቢሮ የሚሠራ ወንድም አለኝ። ቁጥሩን አልያዝኩትም። ቢያገኙልኝ፣ ደህና ናት፣ ከሰው ጋር ናት ይበሉልኝ። ሆደ ባሻ ነው፤ ካላገኘኝ ይደነግጣል።»

«እሺ» አልኳት። «እነግረዋለሁ።»